አጥናፉ የተረከባቸው ዓሦች

የአቃቂ ሰው አጥናፉን የሚያውቀው በአንድ ነገር ነው፤ ሳያይ አይረከብም፣ ሳያስረክብ አይሄድም። በባቡር ጣቢያው መጋዘን ዘበኛ በነበረ ጊዜ ተረኛው ሲመጣ በሩን ብቻ አሳይቶ የሄደበት ቀን የለም። ቁልፉን፣ ባልዲውን፣ መጥረጊያውን፣ አልፎ ተርፎም ከመጋዘኑ ጓሮ የምትተኛዋን የማንም ያልሆነች ውሻ ሳይቀር «ይቺውልህ፣ በሕይወት አለች» ብሎ ነው የሚሄደው። ሚስቱ በላይነሽ ስታሾፍበት «እኔንም ካባቴ ቤት ያመጣኝ ጥርሴን ቆጥሮ ተረክቦ ነው» ትላለች። እሱ አይስቅም። «ታዲያ ጎደለብሽ?» ይላታል።

ይህ ሰው እንግዲህ ዓሣ ጠብቅ ተባለ። ወይ ጉድ!

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው፤ አቃቂ ዛሬ የጨርቅ፣ ነገ የብረታ ብረት ፋብሪካ የሚተከልባት፣ ከእርሻ የመጣው ገበሬ ቱታ ለብሶ በጡሩምባ የሚነሣባት ጊዜ። ከጣቢያው በታች አንድ ኩሬ አለ፤ ድሮ ባቡሩ በእሳት በሚሄድበት ዘመን ውሃ ይቀዳለት የነበረ። ባቡሩ ናፍጣ መጠጣት ሲጀምር ውሃውን የሚፈልገው ጠፋ፤ ኩሬው ሥራ ፈታ። መንግሥት ደግሞ ሥራ ፈት አይወድም። ከመሥሪያ ቤቶቹ አንዱ የዓሣ ክፍል የሚባል ነበረውና «ዓሣ ይርባበት» አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የፋብሪካው ሠራተኛ ጾም በገባ ቁጥር ሽሮ ከሽሮ ጋር ከሚተያይ፣ ዓሣ ያግኝ ነው ነገሩ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እንተወው፤ አቃቂ ተከራክሮ ሳይጨርስ በልቶ የሚጨርስ ሰፈር ነው።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩቶች ከደብረ ዘይት ሐይቅ በበርሜል መጡ። ሹፌሩና አንድ ጸሐፊ በርሜሎቹን ወደ ኩሬው ሊያጋድሙ ሲሉ አጥናፉ ፊታቸው ቆመ።

«ቆይ እንጂ! ምን እንደተረከብኩ ሳላውቅ?»

«ዓሣ ነዋ!» አለ ጸሐፊው።

«ስንት?»

«ኧረ በማርያም! ውሃ ውስጥ የሚተራመስ ነገር ማን ይቆጥራል? ሁለት በርሜል በለው።»

«በርሜሉን መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ። ታዲያ እኔ እጅ ምን ቀረ?»

ሹፌሩ እስኪሰለች፣ ዓሦቹም በርሜል ውስጥ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ተከራከሩ። በመጨረሻ ጸሐፊው «ሕይወት ያለው ዓሣ፣ ሁለት በርሜል ሙሉ፣ ያለ በርሜሉ» ብሎ ጻፈ፤ አጥናፉም ፈረመ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኩሬው ውስጥ የሚዋኘው ሁሉ የመንግሥት ንብረት ሆነ፤ ተጠያቂውም አጥናፉ።

ለሥራው ደመወዝ ብቻ አልነበረም የተሰጠው። ከኩሬው ዳር የባቡር ሰዎች ትተውት የሄዱት አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት አለ፤ ዘበኛው ይኑርበት ተባለ። በላይነሽ ዕድሜዋን በሰው ግቢ ተከራይታ «እጣቢ አትድፊ፣ ጭስ አታብዢ» ስትባል የኖረች ሴት ናት። በሯ ላይ ጎመን ተከለች፣ በግድግዳዋ ላይ ምስማር እንደፈለገች መታች፣ «ከዚህ የሚያስወጣኝ ቃሬዛ ብቻ ነው» አለች። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ግን ቃሬዛ አይጠብቅም። ጉድለት የተገኘበት ዘበኛ ሥራውንም ቤቱንም ይለቃል ይላል። አጥናፉ ይህን ሲነበብለት በጥሞና ነው ያዳመጠው።

በመጀመሪያው ክረምት ማግሥት ከኩሬው ዳር ጣት የማይሞሉ ጫጩቶች ሲርመሰመሱ ታዩ። ሌላ ሰው ቢሆን እሰይ ይላል። አጥናፉ እህል አልበላ አለው።

«ረቡ» አላት ለሚስቱ፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው።

«ታዲያ የመጡት ለመርባት አይደለም እንዴ?»

«አንቺ መጋዘን አታውቂም። ከጉድለት ይልቅ የሚያስጠረጥረው ትርፍ ነው። ከየት አመጣኸው ቢሉኝ ምን ልመልስ?»

ከዚህ ጭንቀት ያወጣው ፈቀደ ነው። ፈቀደ የዓሣ ክፍሉ ባለሙያ፣ ስለ ዓሣ ብሎ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የተማረ ወጣት ነው። እናቱ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ሄዶ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ መጣ» ብላ አልቅሳለች ይባላል። ሱሪውን ጠቅልሎ ኩሬው ውስጥ ሲገባ አጥናፉ ወደደው።

«ጋሼ አጥናፉ፣ ይርቡ። እኛም የምንፈልገው እሱን ነው» አለው። «እህሉን መብላት፣ ዘሩን አለመንካት ነው ጥበቡ። መረቡ ቀዳዳው ሰፊ ይሁን፣ ሕፃኑ ይለፍ፣ ትልቁ ይያዝ። እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ማንም እጁን ውሃ ውስጥ እንዳይሰድ። እንዲህ ከተያዘ ይህ ኩሬ የልጅ ልጅ ያበላል።»

አጥናፉ የገባው ግማሹ ነው፤ ግን ግማሹን እንደ ሃይማኖት ያዘው። ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይዞ ሲመጣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ይለካል። እግሩን ሊታጠብ ወደ ውሃው የወረደ መንገደኛ ሲመለስ «እስቲ እጅህን አሳየኝ» ይባላል። የዓሣ ሾርባ የሸተተበት ቤት ካለ አጥናፉ አጥሩ ሥር ቆሞ ያስላል። ሰፈሩ ሳቀበት፣ አማው፣ በመጨረሻ ለመደው። ዓሦቹም በዙ። በጾም ከዳገቱ በላይ በበሰቃ ሰፈር፣ በነጋዴው በከሊል ሱቅ ደጃፍ ሳይቀር የአጥናፉ ዓሣ እየተባለ ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሲሰማ «የመንግሥት በሉ» ብሎ ይቆጣና ዞር ብሎ ፈገግ ይላል። ልጅ አልወለዱም፤ ይህን እዚህ ላይ ብናገር ደስ ይለኛል።

ከዚያ ከኩሬው በላይ የጨርቅ ማቅለሚያ ተከፈተ። ስሙ ይቅርብን፣ ቀለሙ ይበቃናል። የጨርቁ እጣቢ በቦይ አድርጎ ወደ ኩሬው ይወርዳል። አንድ ቀን ኩሬው ቀይ ነው፣ ሌላ ቀን ሰማያዊ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲታዘዝ ደግሞ ምኑም የማይለይ ቡኒ። የሰፈሩ ሴቶች የዘንድሮው ጨርቅ ሱቅ ሳይገባ ከኩሬው አይተው ይመርጣሉ።

አጥናፉ ይህን አላየም? አየ እንጂ! ዓይኑ ደህና ነው። ግን እሱ የተረከበው ዓሣውን ነው። ውሃውን ማን ተረከበ? ማንም። የማንም ያልሆነ ነገር ቢቀላ ቢጠቁር ዘበኛ ምን አገባው። ሌባ በእግሩ ይመጣል ብሎ ዱላውን ይዞ መንገድ መንገዱን ሲያይ፣ ሌባው በቦይ ይወርዳል።

እንደውም በዚያ ሰሞን ደስታው በዛ። ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ሲወጣ ዓሦቹ ወደ ውሃው ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ግጥም ብለው ይጠብቁታል። መጀመሪያ ጥቂቶች ነበሩ፤ ኋላ ሁሉም።

«በላይነሽ! ነይ እይ! ለመዱኝ እኮ!»

ነጠላዋን ሳታጣፋ ወጣች። እውነትም የዓሣ አፍ ብቻ ነው የሚታየው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አጥናፉ የትናንቱን ዳቦ ፈርፍሮ በተነላቸው። ፍርፋሪው እላያቸው ላይ ተንሳፈፈ፤ አንዱም አልነካው።

«አይስገበገቡም። ጨዋ ናቸው» አለ።

«ጾም ይዘው ይሆናላ!» አለች በላይነሽ፤ ተሣሣቁ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ዳቦ መፈርፈር የአጥናፉ ወግ ሆነ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ለገና በዓል ማቅለሚያው ሥራ አቆመ። ሥራ ሲያቆም ጋኖቹን አጠበ፤ ሲያጥብ የከረመውን ጭቅቅት ሁሉ ባንድ ጊዜ በቦዩ ለቀቀው። በማግሥቱ አጥናፉ ፍርፋሪውን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ሲወጣ ዓሦቹ እንደ ልማዳቸው ላይ ላይ ነበሩ። አፋቸውን ሳይሆን ሆዳቸውን ነው ያሳዩት። ኩሬው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆድ ሆኗል።

አጥናፉ ቁጭ አለ። ጋቢው ተፈታ፣ ፍርፋሪው መሬት ላይ ተበተነ፣ እሱ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በላይነሽ ባሏ ሲያለቅስ ያየችው እናቱ የሞቱ ዕለት ብቻ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ተነሥና መሥሪያ ቤቱ ሂድ። ንገራቸው። የገደላቸው ማቅለሚያው ነው፣ አንተ ምን አደረግህ?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«የሞተውን አሳያቸው!»

«ዘበኛ የተቀጠረው የሞተ ንብረት ሊያሳይ ነው? አንተ ምን ስትሠራ ነበር አይሉኝም? ጉድለት ነው ይሄ፣ በላይነሽ። ጉድለት! ይህን ቤት መልቀቅ ትፈልጊያለሽ?»

በላይነሽ ወደ ቤቱ፣ ወደ ጎመኑ አየች። አጥናፉ ዓሦቹን በአካፋ እየሰበሰበ ከጎመኑ ጀርባ ጉድጓድ ምሶ ቀበራቸው። ጎመኑ በዚያ ዓመት ሰፈሩን ጉድ አሰኝቷል።

ሳምንት ሳይቆይ ከመሥሪያ ቤቱ መልእክተኛ መጣ፤ ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ፈቀደ ዓሦቹን ሊያይ ይመጣል ተባለ።

እንግዲህ የመጋዘን ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፣ በአንድ ነገር ያምናል። ጉድለት ይደርሳል፣ ሰው ነንና። ነውሩ ቆጣሪ እስኪመጣ ሳያሟሉ መቆየቱ ነው። የጎደለ ከረጢት ከጎረቤት መጋዘን ተበድሮ ይቆማል፤ ቆጣሪው አይቶ ሲሄድ ከረጢቱም ወደ ቤቱ ይሄዳል። አጥናፉ በዚህ ወግ ነው ያረጀው። ዓሣ ከረጢት አለመሆኑን ያሰበ አይመስለኝም።

በዕቃ ባቡሩ ላይ የሚሠራ ሁንዴ የሚባል ወዳጅ አለው፤ የደብረ ዘይት ልጅ ነው።

«ዓሣ አምጣልኝ» አለው።

«ስንቱን? በጆንያ?»

«በበርሜል። በሕይወቱ።»

ሁንዴ ግራ ተጋባ። «ለጾም ነው?»

«ለመንግሥት ነው።»

«መንግሥትም ይጾማል እንዴ!» አለ ሁንዴ። ሳቀና ደግሞ የአጥናፉን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠ። ዓሦቹን አመጣለት። መንገዱን ሁሉ ውሃውን በዱላ እያማሰለ፣ ትንፋሽ እንዳይጠፋባቸው ሲለፋ ነው የመጣው፤ እንዲህ ያለ ጭነት ይዞ የተያዘ ሰው ከባቡር ሥራው ይባረር ነበር። ምን እንደተከፈለው በላይነሽ ያወቀችው የሠርጓን ጋቢ ከሳጥኑ ስታጣው ነው። ጮኸችበት፤ ደግሞ ሳጥኑን መልሳ ዘጋች። ጋቢ ይሻላል ቤት? ቤት ይሻላል።

አዲሶቹን ዓሦች ኩሬውን የምትመግበው ትንሽ ምንጭ ከምትገባበት፣ ውሃው ከሚጠራበት ጥግ፣ በድንጋይ ከልሎ አኖራቸው። ሊያያቸው ግን አልቻለም። የሌላ ሰው ልጅ መስለው ታዩት።

ፈቀደ የመጣ ቀን ማቅለሚያውም ተዘጋጅቶ ጠበቀ። አስተዳዳሪው አቶ አሻግሬ ነገር የማያመልጠው፣ እጁ ሁልጊዜ ለሰላምታ የተዘረጋ ሰው ነው። ቦዩን ከቀናት በፊት አስዘግቶታል፣ የቦዩን ድንጋይ ኖራ አስቀብቶታል፣ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጨርቅ ሰቅሏል፤ ጨርቁ ሰማያዊ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት መጥረግ የሀገር ወግ ነውና ማን ይወቅሰዋል። ውሃው እንደ ጸበል ጠርቷል።

ፈቀደ ከስቷል። የአሻግሬን ለስላሳ አልጠጣም። ነጭ ሰሃን የመሰለ ነገር በገመድ አስሮ ወደ ውሃው ሰደደና እስከ የት እንደሚታየው አየ፤ ፊቱን አጨፈገገ። በጠርሙስ ውሃ ቀዳ፤ አሁንም አጨፈገገ። ከዚያ አጥናፉን ጠጋ ብሎ ጠየቀው።

«ጋሼ አጥናፉ፣ ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ይወጣሉ?»

«ቢወጡስ ጌታዬ? ምን ክፋት አለው?»

«ትንፋሽ አጥሯቸዋል ማለት ነዋ። ውሃው ውስጥ የሚተነፍሱት ሲያልቅ ነው እንደዚያ የሚሆኑት። እየታፈኑ ነው።»

አጥናፉ ዳቦው ትዝ አለው። በየጠዋቱ እየታፈኑ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ ፍርፋሪ እየበተነ፣ ለመዱኝ እያለ፣ ሚስቱን እየጠራ፣ እየሣቀ። መናገር ከነበረበት ያኔ ነበር። በላይነሽ ከበሩ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ኧረ የኛዎቹ አይወጡም» አለ።

ፈቀደ መረቡን የት ልጣል ሲለው ጥጉን አሳየው። መረቡ ወጣ፤ ሙሉ ነው። የሰባ፣ የሚዘል፣ ጤናው ከፊቱ የሚነበብ ቆሮሶ! አሻግሬ አጨበጨበ።

«ይኸው! እኛን በክፉ የሚያነሡን ይምጡና ይዩ። የፋብሪካችን ውሃ ዓሣ ያደልባል!»

አጥናፉ ግን የሚያየው ፈቀደን ነበር። ዓሣ አግኝቶ እንደዚያ የከፋው ባለሙያ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። አሻግሬ ሲርቅለት ፈቀደ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? እኔ ዛሬ ባዶ መረብ ነበር የምፈልገው።»

«ባዶ?»

«ባዶ። ወይም አንድ የሞተ ዓሣ፣ አንድ! ይሄ ማቅለሚያ እጣቢውን የሚያጠራበት ጉድጓድ ሳይቆፍር አንዲት ክር እንዳያቀልም የሚከለክል ትእዛዝ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት። የቀረኝ ማስረጃ ብቻ ነበር። እንግዲህ ምን ብዬ ልከራከር? ዓሣው ከእኔ ይወፍራል።»

ከጎመኑ ጀርባ ያለው ጉድጓድ ፈቀደ ከተቀመጠበት ድንጋይ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ ቆመው ድምፅ ከፍ ሳያደርጉ ቢናገሩ ይሰማል። አጥናፉ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ደግሞ ከፈተው። ልክ እንደ ጠዋቶቹ ዓሦች ነበር።

«እግዜር ያውቃል» አለ በመጨረሻ።

ፈቀደ አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ ጨብጦት ሄደ። ቦዩ በዚያው ቀን ተከፈተ። የሁንዴ ዓሦች የጾሙን መያዣ እንኳ አላዩም።

ለአጥናፉ ከማቅለሚያው ሽልማት መጣለት፤ የነሐስ ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ካፖርት። «ለታታሪው የዓሣ ጠባቂያችን» ብሎ አሻግሬ በገዛ እጁ አለበሰው፤ ሰው አጨበጨበ። ማቅለሚያውም በዓሣው ምስክርነት ሌላ አዳራሽ ጨመረ። ጾም ገብቶ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው መጡና ባዶውን ሲያወጡ አጥናፉ «ዘንድሮ ፈሪ ሆነዋል» ይላቸው ነበር። ማታ ካፖርቱን ሲያወልቅ አንገቱ ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ይለቃል። በላይነሽ በእንዶድ አሻሽታ ታጥበዋለች። ከጩኸቷ ይልቅ ዝምታዋ በላው።

አንድ ጠዋት፣ ከልማድ የተነሣ፣ ዳቦ ፈርፍሮ ወጣ። ውሃው ቀይ ነው፤ ምንም አልወጣም። ፍርፋሪውን በእጁ እንደያዘ ወደ ቤት ተመልሶ ጫማውን አደረገ።

«የት ነው?» አለች በላይነሽ።

«ልነግራቸው።»

«ቤቱስ?» አለችና ወዲያው አፏን ያዘች። «ሂድ። ሂድ በል። እኔም ይሄን ውሃ ጎመኔን አላጠጣውም።»

ፈቀደ ከመሥሪያ ቤቱ አልነበረም። የአቃቂውን ሥራ በሚገባ ተወጥቷል ተብሎ ወደ ሩቅ ሐይቅ ተዛውሯል። የቀረው የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ወንበሩን ሞልቶ የተቀመጠ፣ ዓሣ በሕልሙም የማያይ ሰው።

«ዓሦቹ የሉም ጌታዬ» አለ አጥናፉ።

«የትኞቹ?»

«የተረከብኳቸው። ሞተዋል። ማቅለሚያው ነው የገደላቸው።»

«መቼ ሞቱ?»

«በገና።»

ኃላፊው ወደ ፊት ጠጋ አለ። «ባለሙያችን መጥቶ በዓይኑ ያያቸው ከገና በኋላ ነው። ከሙታን ተነሡ ነው የምትለኝ? ትንሣኤ እኮ ገና ነው አቶ አጥናፉ!»

«እነዚያ ሌሎች ናቸው ጌታዬ። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።»

«ከየት? ማን አመጣልህ?»

የሁንዴ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። የሁንዴም እንጀራ አብሮ ታየው። «የሰው ስም አላነሣም» አለ።

«ተው እንግዲህ» አለ ኃላፊው፣ አሁን እንደ አባት ሆኖ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። መሥሪያ ቤቱ ዓሣ አለ ብሏል። አንተ የለም ካልክ፣ መሥሪያ ቤቱ እንደማይዋሽ የታወቀ ነውና ጠፍቷል ማለት ነው። በጾም ሰሞን ዓሣ የት እንደሚጠፋ ደግሞ እኔም አንተም እናውቃለን። በላህ ወይስ ሸጥህ?»

ዕድሜውን ሙሉ እጅህን አሳየኝ ሲል የኖረ ሰው፣ በዚያ ቢሮ ውስጥ የገዛ እጁን አየ። ወጣ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይላሉ፤ አጥናፉ ግን ያን ቀን እንኳ ኃላፊውን አልረገመም። ራሱን ነው የረገመው።

ማሰናበቻው ሲመጣ ጾሙ ገና አላለቀም ነበር። አዲሱ ዘበኛ ዱጉማ ይባላል፤ ከቃሊቲ በኩል የመጣ፣ ጫማው አፉን የከፈተ ትልቅ ሰው። ሚስቱና ልጆቹ የመኝታቸውን ጥቅልል ይዘው ከኩሬው ማዶ ቆመዋል። ርክክቡን ሊያስፈጽም የመጣው ያው የድሮው ጸሐፊ ነው፤ የኩሬው ሽታ ስላስመረረው አፍንጫውን ይዟል።

አጥናፉ ዱጉማን ወደ ጥጉ ሳብ አደረገው።

«ስማኝ ወንድሜ። ሳታይ አትረከብ። እዚህ ውስጥ አንድ ዓሣ የለም። አላየሁም፣ አልረከብም በል። ያኔ ይሄ ሰውዬ ባዶ ብሎ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። ባዶ መባሉ ነው የሚፈለገው። እኔ ብናገር ሌባ ሆንኩ፤ አንተ ግን ገና ንጹሕ ነህ፣ ያምኑሃል። ቦዩን ያዘጉታል።»

ዱጉማ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ። ቡኒ ነበር። ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ የድንጋዩን ቤት፣ ቀጥሎም ማዶ የቆሙትን አየ።

«ባዶ ከተባለ ዘበኛ ያስፈልገዋል እንዴ ጋሼ?»

አጥናፉ በሕይወቱ መዋሸት እንደዚያች ጊዜ አምሮት አያውቅም። አልዋሸም።

«አያስፈልገውም» አለ።

«እንዴት ነው?» ብሎ ጸሐፊው ከላይ ተጣራ። «አየህ? አሉ?»

«አሉ» አለ ዱጉማ። «አይቻለሁ። ብዙ ናቸው።»

ፈረመ። ልጆቹ ሲፈርም አይተው ጥቅልሉን ይዘው ወደ ቤቱ ሮጡ። በላይነሽ ከግድግዳዋ የነቀለቻቸውን ምስማሮች በጨርቅ ቋጥራ ወጣችና ከዱጉማ ሚስት ጋር ተሳሳሙ፤ «ጎመኑን አትብዪው፣ ልጆቹንም ከውሃው አርቂያቸው» አለቻት። አጥናፉ ካፖርቱን በሩ ላይ ሰቅሎ ትቶታል። ሊሄድ ሲል ዱጉማ ተከተለው፤ ኀፍረት ፊቱ ላይ አለ፣ ግን ሥራ የጀመረ ሰው መጠየቅ ያለበትን መጠየቅ አለበት።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ... ምን ይበላሉ?»

አጥናፉ ዞር ብሎ ውሃውን አየ።

«ምንም» አለ። «ጾመኞች ናቸው።»

ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ በሰቃ የሚወስደውን ዳገት ጀመሩ። ብዙም ሳይርቁ ከኋላቸው የዱጉማ ድምፅ ተሰማ፤ እግሩን ሊታጠብ የወረደ መንገደኛ ላይ ነው የሚጮኸው።

«አንተ! ውጣ ከዚያ! የመንግሥት ዓሣ አለበት! እስቲ እጅህን አሳየኝ!»